ስድስት ተፋላሚ፣ አንድ ቀበቶ፦ የኤሊሚኔሽን ቻምበር ታሪክ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዛሬው ክፍል እንግዳ የለኝም። ለብዙ ዓመታት ሳብሰለስለው ስለኖርኩት አንድ የሬስሊንግ ግጥሚያ ብቻዬን ሆኜ አወራችኋለሁ። ግጥሚያው ኤሊሚኔሽን ቻምበር ይባላል፤ ስድስት ተፋላሚዎች በብረትና በሰንሰለት ወደታጠረ ሪንግ ይገባሉ፣ የተሸነፈው ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው አንድ ሰው ቀበቶውን ይወስዳል። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሬስሊንግ ውጤቱ አስቀድሞ የሚወሰን ትርኢት መሆኑን እኔም እናንተም እናውቃለን፤ ስለዚህ በዚያ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ይህን ብቻ ልበል፦ ውጤቱን ጸሐፊዎች ቢወስኑትም ብረት ላይ የሚያርፈው ጀርባ የእውነት ጀርባ ነው፤ ታሪኩንም ተመልካች የሚያምነው የራሱ ሕግና የራሱ ፍትሕ ሲኖረው ብቻ ነው። እኔን ዘወትር የሚይዘኝ ይህ የፍትሕ ጥያቄ ነው። አንድ ሻምፒዮን ከአንድ ሰው ጋር ሲገጥም ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያሸነፈው ይወስዳል። ከሁለት፣ ከሦስት ወይም ከአምስት ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ ሲገጥም ግን ምን መብት ይቀርለታል? የኤሊሚኔሽን ቻምበር ታሪክ፣ በእኔ እይታ፣ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ታሪክ ነው፤ ያም መልስ አንዴ ሲጸና፣ አንዴ ሲናድ የኖረ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱትን አንድ ምሳሌ ላንሳ። ማርች 29 ቀን 2015 በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ክላራ በተካሄደው ሬስልማንያ 31 (ሬስልማንያ የሬስሊንግ ኩባንያው ደብሊው ደብሊው ኢ ትልቁ ዓመታዊ ዝግጅት ነው)፣ ሻምፒዮኑ ብሮክ ሌስናር ከሮማን ሬይንስ ጋር እየተፋለመ ሳለ ሴዝ ሮሊንስ ሻምፒዮኑን በፈለገው ጊዜ የመግጠም ውል የያዘውን የማኒ ኢን ዘ ባንክ ቦርሳውን አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣና የሁለቱን ግጥሚያ የሦስት ሰው ግጥሚያ አደረገው። ሮሊንስ ሬይንስን ጥሎ ትከሻውን መሬት አስያዘ፤ ዳኛው ሦስት ቆጠረ፤ ሌስናር ማንም ሳያሸንፈው ቀበቶውን አጣ። እንደ ትርኢት ድንቅ ነበር፤ ዛሬም ደጋግሜ አየዋለሁ። ነገር ግን ትራይፕል ትሬት በሚባለው የሦስት ሰው ግጥሚያም ሆነ በአራት ሰው ግጥሚያ ሕጉ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፦ ከተጋጣሚዎቹ ማንም ሰው ማንንም ቢያሸንፍ ጨዋታው በዚያው ያበቃል። ሻምፒዮኑ ቆሞ እያየ ንብረቱ በሌሎች መካከል ይሸጣል።

ኤሊሚኔሽን ቻምበር ይህን ክፍተት የደፈነው ከእርሱ በፊት የነበሩ ግጥሚያዎች ያመጧቸውን ነገሮች አንድ ላይ በማዋሐድ ነው። አንድ በአንድ እየተሸነፉ መውጣት በ1987 ከተጀመረው ሰርቫይቨር ሲሪስ የመጣ ነው። በጊዜ ልዩነት መግባት ደግሞ በዚያው በ1987 በዳስቲ ሮድስ ሐሳብ ከተፈጠረው ዋር ጌምስ፣ እንዲሁም በ1988 በካናዳዋ ሃሚልተን ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ከታየውና የፓት ፓተርሰን ፈጠራ ከሆነው ሮያል ራምብል ይታወቃል። ጣሪያ ያለው ግዙፍ አጥር በ1997 በሄል ኢን ኤ ሴል ታይቷል። በ1992ቱ ሮያል ራምብል ባለቤት አልባ የነበረው የዓለም ሻምፒዮንነት ለአሸናፊው ተሰጥቶ፣ ሦስተኛ ሆኖ የገባው ሪክ ፍሌር አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ቀበቶውን ወስዷል፤ ይህም ብዙ ሰው የሚሳተፍበት ግጥሚያ ለትልቁ ቀበቶ ሊመጥን እንደሚችል ያሳየ ሌሊት ነበር። ቢሆንም በራምብል ውስጥ መሸነፍ ማለት ከላይኛው ገመድ በላይ ተወርውሮ መውጣት ነው፤ ተራው ያልደረሰው ሰውም ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ስለሚጠብቅ አናየውም።

የትራይፕል ኤች ሐሳብ እንደሆነ የሚነገርለት ይህ ግጥሚያ ያመጣው ትልቁ አዲስ ነገር፣ በእኔ ግምት፣ ብረቱ አይደለም፤ ጥበቃው በግልጽ መታየቱ ነው። በመጀመሪያው ቅርጹ ሪንጉን የሚከብበው ክብ አጥር ቁመቱ 5 ሜትር ገደማ፣ የጎኑ ስፋት 11 ሜትር ገደማ ነበር፤ ኩባንያው ሲያስተዋውቀው 10 ቶን ብረትና ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሰንሰለት እንዳለበት ይናገር ነበር። በአራቱ ማዕዘኖች አራት ማቆያ ክፍሎች ቆመዋል፤ ግድግዳቸው መስታወት የሚመስል ወፍራም ፕላስቲክ ነው። ሁለት ሰዎች ፍልሚያውን ይጀምራሉ፤ አራቱ በየክፍላቸው ተቆልፎባቸው ያያሉ። ሰዓቱ ሲሞላ መብራቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየዘለለ ይዞርና በአንዱ ላይ ይቆማል፤ ያ በር ይከፈታል። ቀጣዩ ማን እንደሚሆን አይታወቅም። የሚሸነፈውም ትከሻው መሬት ተይዞ ዳኛው ሦስት ሲቆጥርበት ወይም እጅ ሲሰጥ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ፍትሑ፦ ሻምፒዮኑ እርሱ ራሱ ሳይሸነፍ ቀበቶው ከእጁ አይወጣም። አምስት ሰዎች ቢነሡበትም ከመካከላቸው አንዱ በአካል ማሸነፍ አለበት።

ግጥሚያው ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ኖቬምበር 17 ቀን 2002 በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ነው። ሻምፒዮኑ ትራይፕል ኤች ነበር፤ ተገዳዳሪዎቹ ሾን ማይክልስ፣ ክሪስ ጄሪኮ፣ ኬን፣ ቡከር ቲ እና ሮብ ቫን ዳም ነበሩ። በሮቹ ይከፈቱ የነበረው በየ5 ደቂቃው ነው። ትራይፕል ኤችና ቫን ዳም ጀመሩ፤ ይህም ማለት ሻምፒዮኑ ከመጀመሪያዋ ደወል አንሥቶ ሪንጉ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቫን ዳም ከማቆያ ክፍሉ አናት ላይ ወጥቶ በሚታወቅበት ፍሮግ ስፕላሽ ሲዘል እግሩ በትራይፕል ኤች ጉሮሮ ላይ አረፈ። ይህ የተጻፈለት አልነበረም። ሰውየው ጉሮሮው ውስጡ ተጎድቶ፣ መተንፈስና መናገር እየከበደው፣ ግጥሚያውን እስከ መጨረሻው ቀጠለ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ። ቪዲዮውን ስታዩ ከዚያች ቅጽበት በኋላ እጁ ደጋግሞ ወደ አንገቱ እንደሚሄድ ልብ በሉ። የሰውየውን ባሕርይ የሚወድም የማይወድም ይኖራል፤ ለዚያ ሌሊት ግን እስከ ዛሬ አክብሮት አለኝ።

ማይክልስ ከሁሉም በኋላ ገባ። ይህ ሰው በ1998 መጀመሪያ ላይ ጀርባው ክፉኛ ተጎድቶ በዚያው ዓመት ማርች ላይ ከስቲቭ ኦስቲን ጋር ካደረገው ግጥሚያ በኋላ ከአራት ዓመት በላይ ከሪንግ ርቆ ኖሯል። በኦገስት 2002 ሲመለስ ትራይፕል ኤችን ማሸነፉ አልቀረም፤ ትራይፕል ኤች ግን ከግጥሚያው በኋላ በትልቅ መዶሻ ጀርባውን መትቶ በቃሬዛ አስወጥቶታል። እንግዲህ ያ የተጎዳ ጀርባ ነው በዚህ የብረት ወለል ላይ ሊፈተን የመጣው። ጸጉሩን አሳጥሮ ተቆርጧል፤ የለበሰው ሱሪ ቡናማ ነው፤ የቀድሞው የሚያብረቀርቅ ልብሱ የለም። ብዙ የሬስሊንግ ወዳጆች በዚያ ሱሪ ይቀልዳሉ፤ እኔ ግን ሳየው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ያን ሌሊት የመጣው የቀድሞው ኮከብ ሳይሆን ከረጅም ሕመም የተነሣ ሰው እንደነበር ይነግረኛል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ የቀድሞ ጓደኞች ብቻ ቀሩ። ትራይፕል ኤች የመጨረሻ ምቱን ሊያሳርፍ ሲል ማይክልስ ገለበጠው፤ ሲነሣ ደግሞ አገጩን በእግሩ መታው፤ ሦስት ተቆጠረ። ግጥሚያው 40 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ማይክልስ ቀበቶውን የያዘው ለአንድ ወር ያህል ብቻ ነው፤ ዲሴምበር ላይ ትራይፕል ኤች መልሶ ወሰደበት። ያም ሆኖ ማንም «ሳይገባው ወሰደ» ሊል አልቻለም፤ ሻምፒዮኑን ፊት ለፊት አሸንፎታልና።

ሁለተኛው ግጥሚያ በኦገስት 2003 በአሪዞናዋ ፊኒክስ በሰመርስላም ተካሄደ። ያኔ የዚህ ሕግ ሌላኛው ገጽ ታየ። ትራይፕል ኤች ብሽሽቱ ተጎድቶ ስለነበር ብዙ መፋለም አይችልም፤ ጸሐፊዎቹም ይህን ድካም ወደ ታሪክ ለወጡት። በሩ እንደተከፈተ ማይክልስ አገጩን መታውና ወደ ክፍሉ ተመልሶ ወደቀ፤ እዚያው ውስጥ ሆኖም ሌሎቹ እርስ በርስ እስኪጨራረሱ ቆየ። በመጨረሻ የገባው ጎልድበርግ ራንዲ ኦርተንን፣ ማይክልስንና ጄሪኮን በተከታታይ አስወጣ፤ ጄሪኮንም ከክፍሉ ግድግዳ ጋር አላትሞ ፕላስቲኩን ሰባበረው። ከዚያ ወደ ሻምፒዮኑ ዞረ። ትራይፕል ኤች ከውስጥ ቆልፎ ነበር፤ ጎልድበርግ ግድግዳውን በእርግጫ በርቅሶ ገባ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን የትራይፕል ኤች አጋር የነበረው ሪክ ፍሌር በውጭ በኩል ያቀበለው መዶሻ ጎልድበርግን ጣለው። በዚያ ግጥሚያ ማቆያ ክፍሉ እስር ቤት መሆኑ ቀርቶ የሻምፒዮኑ መሸሸጊያ ሆነ። ብዙዎች በውጤቱ ተናደዱ፤ ጎልድበርግ ያን ሌሊት ማሸነፍ ነበረበት የሚሉ ዛሬም አሉ። እኔ ደግሞ ያ ንዴት ግጥሚያው እንደሠራ ያሳያል ባይ ነኝ፤ አንድ ፈሪ ሻምፒዮን በሕጉ ውስጥ ሆኖ ሕጉን እንዴት እንደሚያጎብጠው ከዚህ በላይ ማሳየት አይቻልም። በቀጣዩ ወር ጎልድበርግ ቀበቶውን አንድ ለአንድ ወሰደ።

የ2005ቱ በፖርቶ ሪኮ ሳን ሁዋን ተካሄደ፤ ባለቤት አልባውን ቀበቶ ትራይፕል ኤች መልሶ አገኘው። ከዚህ ይልቅ ቆም ብዬ ላየው የምፈልገው ጃንዋሪ 8 ቀን 2006 በኒው ዮርክ ግዛት ኦልባኒ የሆነውን ነው። ሻምፒዮኑ ጆን ሲና ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ተፋላሚዎች አንዱ ሆኖ ገባ፤ ማይክልስ፣ ኬንና ከርት አንግል የነበሩበትን ፍልሚያ ፊቱ በደም ተነክሮ ጨረሰው፤ የመጨረሻውን ተጋጣሚ ካርሊቶን አሸንፎ ቀበቶውን አስጠበቀ። አዳራሹ ጨዋታው አለቀ ብሎ ሲያስብ የኩባንያው አለቃ ቪንስ ማክማሆን ብቅ አለና አጥሩ ወደ ላይ እንዲነሣ አዘዘ። ኤጅ በ2005 ያሸነፈውን የማኒ ኢን ዘ ባንክ ቦርሳ ይዞ መጣ፤ ያ ውል በፈለገው ጊዜ ሻምፒዮኑን እንዲገጥም መብት ይሰጠዋል። በጉልበቱ ለመቆም የሚታገለውን ሲና ሁለት ጊዜ በስፒር፣ ማለትም እየሮጠ በትከሻው በመላተም፣ መታው፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አዲስ ሻምፒዮን ሆነ። ያ ውል ሲተገበር ያ ሌሊት የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኤሊሚኔሽን ቻምበርን ሳይ ዓይኔ ከመጨረሻዋ ቆጠራ በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ነው። ሕጉ ሻምፒዮኑን ከውስጥ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ አጥሩ ሲነሣ ግን ጥበቃው አብሮ ይነሣል። በዓለም ላይ እጅግ የደከመው አሸናፊ በዚያች ቅጽበት ሪንጉ መሐል ቆሟል፤ ትኩስ ጉልበት ያለው ማንኛውም ሰው ሊጥለው ይችላል። ጸሐፊዎቹ ይህን ስላወቁ ደጋግመው ተጠቅመውበታል። በፌብሩዋሪ 2010 በሴንት ሉዊስ ያው ሲና በቻምበር ውስጥ ሻምፒዮን ሆነ፤ ማክማሆን መልሶ መጣና ወዲያውኑ ከባቲስታ ጋር እንዲገጥም አደረገው፤ ባቲስታ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ወሰደበት። በፌብሩዋሪ 2021፣ በወረርሽኙ ምክንያት ተመልካች በሌለበት አዳራሽ፣ ይኸው ነገር በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ሆነ፦ ዳንኤል ብራያን የራሱን ቻምበር አሸንፎ ትንፋሹ ሳይመለስ ከሮማን ሬይንስ ጋር ተጋጥሞ ወደቀ፤ ድሩ ማክኢንታየርም በሌላኛው ቻምበር ቀበቶውን ካስጠበቀ በኋላ ቦቢ ላሽሊ ደብድቦት፣ ሚዝ በቦርሳው መጥቶ ወሰደበት። አንድ ጊዜ ሲደረግ ልብ ይሰብራል፤ በአንድ ሌሊት ሁለቴ ሲደረግ ግን ተመልካቹ ድሉን ማመን ያቆማል። ይህን ስል አዝኜ ነው የምለው፤ ከሁሉ የሚያምር መሣሪያቸውን ነው በማብዛት ያደነዘዙት።

በ2010ሩ ዝግጅት ሌላም ነገር ሆኗል። አንደርቴከር የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ሪንግ ሲመጣ መግቢያው ላይ የሚለኮሰው እሳት በስሕተት እርሱን አገኘው፤ ደረቱና አንገቱ ተቃጠለ። በማቆያ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ተራው እስኪደርስ ሰውነቱ ላይ ውሃ ሲያፈስ ይታያል፤ በኋላ ወጥቶ ተፋለመ። በመጨረሻ ማይክልስ ከብረት ወለሉ ሥር ተደብቆ ቆይቶ ወጣና አገጩን መታው፤ ጄሪኮ በዚያ ቀበቶውን ወሰደ። ያ ምት ሁለቱን ወደ ሬስልማንያ 26ቱ ትልቅ ግጥሚያ አደረሳቸው። በዚያ ሌሊት እውነተኛው ቃጠሎና የተጻፈው ተንኮል በአንድ ሰው ሰውነት ላይ ተገናኙ።

አሁን ወደ ልቤ ወደሚቀርበው ምዕራፍ ልምጣ፤ እርሱም የኮፊ ኪንግስተን ታሪክ ነው። በፌብሩዋሪ 2009 በሲያትል በተካሄደው ኖ ዌይ አውት ሁለት ቻምበሮች ነበሩ። ኤጅ በመጀመሪያው ገና ከጅምሩ ተሸንፎ የያዘውን ቀበቶ አጣ። በሁለተኛው ቻምበር ከስድስቱ አንዱ ኮፊ ነበር፤ ኤጅ ኮፊን ወደ ሪንግ ሲገባ ደበደበውና በእርሱ ፋንታ ማቆያ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ቆለፈ። ሌሊቱ ሲያልቅ ኤጅ ሌላኛውን የዓለም ቀበቶ ይዞ ወጣ። ሁሉም ስለ ኤጅ ብልጠት አወራ፤ ቦታው ስለተነጠቀው ወጣት ብዙም የተናገረ አልነበረም። ኮፊ ያኔ ከጃማይካ እንደመጣ ተደርጎ ነበር የሚተዋወቀው፤ በእውነቱ ግን የተወለደው ጋና ነው፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት በኋላ ላይ የትውልድ አገሩን በይፋ መጥራት ጀመረ።

ኮፊ በ2010 እና በ2012 ወደ ቻምበር ተመልሶ ገብቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀበቶው ለሌላ ሆነ። በ2015 ኒው ዴይ በሚባለው ቡድን ካሉ ጓደኞቹ ጋር የመጀመሪያውን የጥንዶች ቻምበር አሸንፏል። ተመልካች ይወደዋል፣ ትንንሾቹን ቀበቶዎች ይይዛል፤ ነገር ግን የትልቁ ቀበቶ ሰው ነው ብሎ የሚያስበው አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2019 ሙስጠፋ አሊ ተጎዳና በቻምበሩ ቦታው ክፍት ሆነ፤ ኮፊ ተተካ። ከአሥር ዓመት በፊት የራሱን ቦታ የተነጠቀው ሰው አሁን በሌላ ሰው ቦታ ገባ። ጸሐፊዎቹ ይህን አስልተው እንዳላደረጉት ግልጽ ነው፤ ጉዳቱ ነው መንገዱን የከፈተው። ከቻምበሩ ጥቂት ቀናት በፊት በተከታታይ ግጥሚያ ከአንድ ሰዓት በላይ ሪንግ ውስጥ ቆይቶ ሻምፒዮኑን ዳንኤል ብራያንን፣ ጄፍ ሃርዲንና ሳሞአ ጆን አሸነፈ። ከዚያች ማታ በኋላ ሰዉ በሌላ ዓይን ያየው ጀመር።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2019፣ ሂውስተን። ብራያን ያኔ የቆዳውን ቀበቶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥሎ ከእንጨትና ከቃጫ የተሠራ ቀበቶ ያነገተ፣ ተመልካቹን የሚገሥጽ ክፉ ሻምፒዮን ነበር። ኮፊ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ጆ ወጣ፣ ሃርዲ ወጣ፣ ኤጄ ስታይልስ ወጣ፤ ኮፊ ኦርተንን አስወጣና ከብራያን ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ደቂቃዎች ስታዩ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ አድምጡ። ሕዝቡ የአንድ ምትክ ተፋላሚን ስም በአንድ ድምፅ ይጠራል፤ ዳኛው ሁለት በቆጠረ ቁጥር አዳራሹ በሙሉ ይነሣል። ኮፊ ደጋግሞ ቀረበ፤ በመጨረሻ ብራያን እየሮጠ መጥቶ በጉልበቱ መታውና አሸነፈው። ቀበቶው አልተለወጠም። ነገር ግን ካሜራው በአሸናፊው ላይ አልቆየም፤ ቢግ ኢና ዛቪየር ዉድስ ሮጠው ገብተው ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ጓደኛቸውን ሲያቅፉት ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ አሳየ።

ይህን ግጥሚያ ከሁሉ አስበልጬ የምወድበት ምክንያት፣ ቻምበሩ ለተሸናፊ ምን ሊሰጥ እንደሚችል ስላሳየኝ ነው። በሦስት ሰው ግጥሚያ የሚሸነፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ከውጭ ወድቆ ሳለ ነገሩ ያልቅበታል። እዚህ ግን መጨረሻ ላይ የቀረ ሁለተኛ ሰው፣ አራቱ ሲወጡ እርሱ እንደቆመ ሁሉም በዓይኑ አይቷል፤ ማስረጃው በሰውነቱ ላይ ነው። ኤፕሪል 7 ቀን 2019 በኒው ጀርሲ በሬስልማንያ 35 ኮፊ ብራያንን አንድ ለአንድ አሸንፎ በአፍሪካ የተወለደ የመጀመሪያው የደብሊው ደብሊው ኢ ሻምፒዮን ሆነ። ልጆቹ ሪንግ ውስጥ ገቡ፤ ጓደኞቹ የቆዳውን ቀበቶ መልሰው አቀበሉት። እኔ በአህጉራችን የተወለደ ሰው ያን ቀበቶ ሲያነሣ ለማየት ከልጅነቴ ጀምሮ ስለጠበቅሁ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም።

ስለ ሌሎቹ ለውጦች በአጭሩ ላንሳ። በ2008 በላስ ቬጋስ ቀበቶ የሌለበት፣ ተገዳዳሪ ብቻ የሚመረጥበት ቻምበር ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረገ፤ በ2010 ግጥሚያው በስሙ የሚጠራ ዓመታዊ ዝግጅት አገኘ። በ2017 አጥሩ እንደ አዲስ ተሠራ፤ ባዶው የብረት ወለል ቀርቶ ምንጣፍ ያለው ሆነ። አንዳንዱ ግርማው ቀነሰ ይላል፤ ለሚወድቁት ሰዎች ጀርባ ሲባል የተደረገ ማንኛውም ለውጥ ግን በእኔ ዘንድ ተቀባይነት አለው። በ2018 ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ገቡ፤ አሌክሳ ብሊስ አምስት ተገዳዳሪዎችን ተቋቁማ ቀበቶዋን ይዛ ወጣች። በ2020 ሼይና ቤዝለር አምስቱንም ተጋጣሚዎቿን ራሷ አስወጣች፤ ማንም ሊገታት አልቻለም።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2022 ዝግጅቱ ብዙ ወገኖቻችን ወደሚኖሩባት የሳዑዲ ዓረቢያዋ ጅዳ ሄደ። ሴቶቹ ሰውነታቸውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ልብስ ለብሰው ተፋለሙ፤ ቢያንካ ቤሌር አሸነፈች። የወንዶቹ ቻምበር ግን ከላይ የተናገርኩትን ሕግ የሰበረ ነው። ሻምፒዮኑ ቦቢ ላሽሊ ገና በማቆያ ክፍሉ ውስጥ ሳለ ሮሊንስ ኦስቲን ቲየሪን አንሥቶ በዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ ወረወረው፤ ላሽሊ ጭንቅላቱ ተመትቷል ተብሎ ሐኪሞች ይዘውት ወጡ። ሻምፒዮኑ አንድ ምት እንኳ ሳያሳርፍ፣ ማንም ትከሻውን መሬት ሳያስይዘው ቀበቶው ለሌሎች ክፍት ሆነ። ሌስናር ተራውን መጠበቅ ትቶ የክፍሉን ግድግዳ በእርግጫ ሰብሮ ወጣ፤ የቀሩትን አራቱንም በተከታታይ አስወጥቶ ወሰደው። የሌስናር ኃይል የሚያስፈራ ነበር፤ ከማቆያ ክፍሉ አናት ላይ ቲየሪን የጣለበት ቅጽበትም አይረሳም። ሆኖም ቻምበሩ ከትራይፕል ትሬት የሚለይበት ዋናው ነገር፣ ማለትም «ሻምፒዮኑን ራሱን አሸንፈው» የሚለው ትእዛዝ፣ በዚያ ሌሊት ተሽሯል። ላሽሊ የዚያ ግጥሚያ ተሸናፊ ተብሎ መጻፉ ዛሬም ቅር ያሰኘኛል።

ከዚያ በኋላ እስከ 2025 ድረስ ትልቁ የወንዶች ቀበቶ ወደ ቻምበሩ አልተመለሰም። በ2023 በሞንትሪያል የዩናይትድ ስቴትስ ሻምፒዮንነት ቀረበበት፤ በ2024 በአውስትራሊያዋ ፐርዝና ማርች 1 ቀን 2025 በቶሮንቶ ደግሞ የተገዳዳሪ መምረጫ ሆነ። የቶሮንቶው ግን ብቻውን ሊታይ ይገባል። ሲና የመሰናበቻ ዓመቱ ላይ ነበር፤ ሲኤም ፓንክን በመጨረሻ አሸንፎ ሻምፒዮኑን ኮዲ ሮድስን የመግጠም መብት አገኘ። ኮዲ ወደ ሪንጉ መጣ፤ ዘ ሮክም መጥቶ ኮዲን ነፍሱን እንዲሰጠው ጠየቀው፤ ኮዲ እምቢ አለ። ሲና ኮዲን አቀፈው። ካሜራው በኮዲ ትከሻ በኩል የሲናን ፊት ሲያሳይ ፈገግታው ቀስ እያለ ይጠፋል፤ ዘ ሮክ በአንገቱ ላይ ጣቱን አሳልፎ ምልክት ሰጠ፤ ሲና ኮዲን ከወገቡ በታች መትቶ ጣለው፤ በገዛ ቀበቶውም ደበደበው።

በ2006 በኦልባኒ፣ በ2010 በሴንት ሉዊስ፣ ቻምበሩን ጨርሶ ደክሞ ሳለ የተዘረፈው ያው ሲና ነበር። በቶሮንቶ ቻምበሩን ጨርሶ ሌላውን የመታው እርሱ ሆነ፤ በኤፕሪል በላስ ቬጋስ ኮዲን አሸንፎ 17ኛውን የዓለም ሻምፒዮንነት ወሰደ። ነገር ግን ኮዲ በዚያ ቻምበር ውስጥ አልገባም፤ ከውጭ መጥቶ ነው የተመታው። እኔ ማየት የምፈልገው ሻምፒዮኑ ራሱ ከስድስቱ አንዱ ሆኖ ሲገባ ነው፤ እንደ 2002ቱ ትራይፕል ኤች ከመጀመሪያዋ ደወል ጀምሮ ቆሞ፣ አራቱ በየክፍላቸው ሆነው እያዩት፣ ቀበቶውንም ከእርሱ ሊወስድ የሚችለው ትከሻውን መሬት ያስያዘው ሰው ብቻ ሆኖ። ተገዳዳሪ ለመምረጥ ሮያል ራምብል አለ፤ ቻምበሩን ለሻምፒዮኑ ይመልሱለት።